ከሞይ አቬኑ ወዲህ

አክስቴ ኩለሱም ባንክ ልትዘርፍ እንደሆነ የደረስኩበት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ጥፍሬን በልቼ ስጨርስ የጣቴን ቆዳ መላጥ ጀመርኩ፤ እናቴ ጣቶቼን ሬት እየቀባች ከመቆጣት በቀር ምን እንደያዘኝ አልጠረጠረችም።

ያኔ የምንኖረው ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ነበር፣ አንድ ረጅም አፓርታማ ውስጥ። አባቴ ኑሬ፣ ኢስሊ በሚባለው ሰፈር የጨርቅ ሱቅ አለው። እናቴ ለይላ ቤት ነው የምትውለው። ኩለሱም የእናቴ ታናሽ እህት ናት፤ ከዓመት በፊት ከኢትዮጵያ በሞያሌ በኩል መጥታ ከእኔ ጋር አንድ አልጋ ላይ ትተኛ ነበር። ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍናለች፤ እንቅልፍ ሲወስዳት እግሯን እግሬ ላይ ትጭናለች። እኔ እዚሁ ናይሮቢ ስለተወለድኩ ስዋሂሊው እንደ አፍ መፍቻዬ ነው። የእሷ ስዋሂሊ ግን ቲማቲም ከመግዛት አያልፍም። ገበያ ስንወጣ እጄን ጨብጣ፣ "አንቺ ምላሴ ነሽ" ትለኛለች።

በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት ለኤፕሪል እረፍት ሲዘጋ ቤታችን ተለወጠብኝ። ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ። በር ሲንኳኳ እናቴ የያዘችውን እንደያዘች ደርቃ ትቀራለች። የአባቴ ስልክ በጠራ ቁጥር ሁላችንም ፊቱን እናያለን። አንድ ምሽት ደግሞ ኩለሱም ብርድ ልብሷን ጠቅልላ ከእኛ በላይ ወዳለው ፎቅ፣ ማማ ኬንዲ ቤት ልታድር ወጣች።

ማማ ኬንዲ ባሏ የሞተባት የሜሩ ብሔረሰብ ሴት ናት። መሃል ከተማ፣ ጠበቆች ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ነበረች።

"ከአባ ጋር ተጣልታ ነው?" ብዬ እናቴን ጠየቅኳት።

"ማን አለሽ?"

"ታዲያ ለምን ሄደች?"

"ማማ ኬንዲ ብቻዋን ማደር ፈርታ ነው። ሻይሽን ጠጪ።"

ማማ ኬንዲ የምትፈራው ነገር በዚህ ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ውሃ ሊቆርጥ የመጣውን ሰውዬ ከነመሰላሉ ደረጃውን ስታስወርደው በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ተጣልተዋል ብዬ ደመደምኩ።

በማግስቱ ጠዋት ማማ ኬንዲ የልጇን ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ፣ ባለ ተረከዝ ጫማና አንድ ዊግ ይዛ ወደ እኛ ወረደች። ኩለሱም መስተዋቱ ፊት ቆመች። እናቴ የኮቱን ቁልፎች ስትቆልፍላት እንባዋ ጨርቁ ላይ ይንጠባጠባል። ያለ ጅልባብ ከደጃፍ ወጥታ የማታውቀው አክስቴ ከንፈሯን ቀይ ተቀብታ፣ እስከ ትከሻዋ የሚወርድ የሰው ፀጉር አጥልቃ ሳያት ወደ በሩ አፈገፈግኩ።

"ምን ያስለቅስሻል ለይላ?" አለች ኩለሱም። "ፀጉሬ እንደሆነ ተሸፍኗል። በፀጉር ተሸፈነ እንጂ።"

እናቴ አልሳቀችም። "አላህ ይቅር ይበለን" አለችና ወደ እኔ ዞረች። "ሩሚ፣ ዩኒፎርምሽን ልበሺ። አብረሻት ትሄጃለሽ።"

"ትምህርት ቤት ተዘግቷል እኮ!"

"ልበሺ አልኩሽ። ታውን ስትደርሱ ደግሞ አክስቴ አትበያት፣ ማማ በያት። ሰው ካናገራት አንቺ ቀድመሽ መልሺ።"

"ለምን?"

እህትማማቾቹ ተያዩ።

"ሥራ ይዣለሁ" አለች ኩለሱም።

"የት?"

"ባንክ።"

ፍርሃቴ ለጊዜው ጠፋ። የክፍሌ ልጆች እናቶች ሱቅ ነበራቸው፣ ምግብ ቤት ነበራቸው፤ ባንክ የምትሠራ አክስት ያላት ግን አንዲትም አልነበረችም። የዩኒፎርሜን ክራባት ራሴ አሰርኩ።

ናይሮቢ ውስጥ ታውን ሲባል መሃል ከተማው ነው፤ ባንኩ፣ ኢንሹራንሱ፣ ፍርድ ቤቱ፣ ሚኒስቴሩ ትከሻ ለትከሻ የቆመበት። ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ሲያወርደን ዝናብ እያካፋ ነበር። በእንግሊዞች ጊዜ የተሠሩት የድንጋይ ሕንፃዎች አምዶቻቸው ረጥበው ጠቁረዋል። ከበላያቸው የመስታወት ፎቆች ጫፋቸውን ደመና ውስጥ ከተዋል። ሰው ሁሉ ጥቁር ጫማ አድርጎ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ይሮጣል። ማማ ኬንዲ ቢሮዋ በር ላይ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ኩለሱምን በዓይኗ እያሳየችኝ በስዋሂሊ፣ "ለእናትሽ ንገሪያት" አለችኝ። "ሞይ አቬኑን አትሻገሩ። ከዚህ ወዲህ ሱፍ የለበሰን ሰው ማንም አያስቆምም። ከዚያ ወዲያ ግን ራሳችሁን ጠብቁ።"

ተረጎምኩላት። ኩለሱም ራሷን ነቀነቀች፤ እጄን የያዘችበት እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ሞይ አቬኑ ታውንን ለሁለት የሚከፍል ሰፊ መንገድ ነው። በላይ በኩል ባንኮቹና ጠበቆቹ ናቸው። በታች በኩል ሪቨር ሮድ ይጀምራል፤ ጅምላ ሻጩ፣ ተሸካሚው፣ አውቶቡሱ፣ ከየአገሩ የመጣው ነጋዴ። ዛሬ ያ ልዩነት ደብዝዟል። ትልልቆቹ ባንኮች ዋና መሥሪያ ቤታቸውን ወደ አፐር ሂልና ወደ ዌስትላንድስ ወስደዋል፤ እኔም የምሠራው ዌስትላንድስ ካሉት የመስታወት ሕንፃዎች በአንዱ ነው። አንዳንዶቹ የድሮ የባንክ አዳራሾች በጣውላ ተከፋፍለው የስልክ ሽፋንና ጂንስ ይሸጥባቸዋል። ያን ጊዜ ግን መስመሩ የተሰመረ ነበር፤ እግረኛው ሲሻገር አረማመዱ ሳይቀር ይቀየራል።

የገባንበት የመጀመሪያው ባንክ ወለሉ እብነ በረድ ነው። የሰም ቅባትና የእርጥብ ኮት ሽታ ይሸታል። ኩለሱም ከማሽኑ የተራ ቁጥር ወሰደችና ከሰው መሃል ተቀመጠች። እኔ ወዲያው ተነስታ ከመስታወቱ ጀርባ ትገባለች ብዬ ስጠብቅ ቁጥራችን ተጠራ። አልተነሳችም።

"ማማ፣ ተራችን ደርሷል።"

"ዝም በይ።"

ቁጥሩ ሁለተኛ ተጠራ። ሌላ ሰው ገባ። ጥቂት ቆይተን ወጣንና ወደሚቀጥለው ባንክ ሄድን። እዚያም ቁጥር ወሰደች፤ እዚያም ሲጠራ ዝም አለች።

"የትኛው ነው ያንቺ ባንክ?"

"ሁሉም።"

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

"መቀመጥ" አለች ፈገግ ብላ። ፈገግታዋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

እንዲህ ሆነን ከረምን። ጠዋት ከማማ ኬንዲ ጋር እንመጣለን፣ ቀኑን ከባንክ ባንክ እንዞራለን፣ ቢሮ ሲዘጋ ከሕዝቡ ጋር ተጋፍተን ወደ ቤት እንመለሳለን። አንዱ ባንክ የዓሣ ገንዳ ነበረው። ኩለሱም ያን ትወደው ነበር። ለዓሦቹ የዘመዶቻችንን ስም አውጥታ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ በሹክሹክታ ትነግረኛለች። ሌላ ጊዜ ግን ዓይኗ አያርፍም። በሮቹን ታያለች። ካሜራው ወዴት እንደዞረ ታያለች።

"ሁለት በር ያለው ባንክ ጥሩ ነው" ትላለች ለራሷ ይሁን ለእኔ ሳይታወቅ። ወይም፣ "ያኛው ዘበኛ ፊት ያስታውሳል። ነገ እዚህ አንመጣም።" ምሳ ሰዓት ላይ መጸዳጃ ቤት ትገባና ኮቷን አውልቃ፣ ዊጉን ወደ ኋላ አስራ፣ ሌላ ሴት ሆና ትወጣለች።

ዝናቡ ጋብ ሲል ምሳችንን ጂቫንጂ መናፈሻ አግዳሚ ላይ እንበላ ነበር። ማማ ኬንዲ ቻፓቲና ባቄላ በዕቃ ይዛ ትመጣለች። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አብራን ስትሄድ አንድ ያረጀ የድንጋይ ባንክ ፊት ቆመች።

"አባቴን የያዙት እዚህ በር ላይ ነው" አለች። "እጁን ወደ ላይ አስደርገው እንደ ከብት መኪና ላይ ጫኑት። እናቴ ሦስት ዓመት ጠበቀችው።"

ለኩለሱም ተረጎምኩላት። ኩለሱም የማማ ኬንዲን ክንድ ያዘች። ሁለቱም ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ በመገረም አየኋቸው። የማማ ኬንዲ አባት ባንክ በር ላይ እጅ ከፍንጅ ተይዟል! ይህን የሚያህል ጉድ እንዴት ሳታፍር ታወራለች?

ዛሬ አንብቤ አውቀዋለሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አራት፣ በዚያው በኤፕሪል፣ እንግሊዞች የነፃነት ትግሉን ለማፈን ናይሮቢን ከበው ኪኩዩውን፣ ኤምቡውንና ሜሩውን በጅምላ አፍሰው ነበር። የማማ ኬንዲ አባት የቢሮ ተላላኪ ነበር። ባንኩ ደጃፍ የቆመው የአለቃውን ፖስታ ይዞ ነው።

ጥርጣሬዬን የጨረሰው ግን ቴሌቪዥኑ ነው። አንድ ምሽት እራት እየበላን ዜናው ላይ ባንክ የዘረፉ ሰዎችን አሳዩ፤ ካቴና ገብቶላቸው ፊታቸውን በሸሚዛቸው ሸፍነዋል።

"እነዚህ እንዲህ ናቸው" አለ አባቴ። "ሱፍ ግጥም አድርገው እንደ ደንበኛ ይገባሉ። ዘበኛውን፣ በሩን፣ ካሜራውን ቀስ ብለው ያጠናሉ። ከዚያ አንድ ቀን…"

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ኩለሱምን አየኋት። ቀና ሳትል ሩዟን ታማስላለች።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ሁሉ ተገጣጠመልኝ። ወጥ ቤት ውስጥ አባቴ፣ "እስከ መቼ ለይላ? አንድ ቀን ይነቃባታል" ሲል ሰማሁት።

"ሀቢብ መኪናውን እስኪያዘጋጅ ነው" አለች እናቴ። "መንገዱ ትንሽ ይቀዝቅዝ ብሏል።"

"ከያዟትስ?"

"አፍህን በመልካም ክፈተው ኑሬ!"

"ከያዟት እኛንም አይምሩንም። ደብቃችኋል ነው የሚሉን።"

ሀቢብ የአባቴ የአጎት ልጅ ነው፤ በናይሮቢና በሞያሌ መካከል የጭነት መኪና ይነዳል። እኔ ደግሞ ከቴሌቪዥን ፊልም እንደማውቀው፣ ዘራፊዎች ሁልጊዜ ሞተሩን አስነስቶ የሚጠብቃቸው ሾፌር አላቸው። በቃ፣ ሀቢብም አለበት። እናቴም ታውቃለች። አባቴም። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ያኔ ከተማው ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሰው ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፖሊሶች ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው የሚበዛባቸውን ኢስሊንና ሳውዝ ሲን ቤት ለቤት እየፈተሹ ወረቀት የሌለውን፣ አንዳንዴም ያለውን፣ ያፍሱ ነበር። የታፈሰው ሰው ሲበዛ ወደ ስታዲየም ተወሰደ። እኔ፣ "እነ እገሌን ስታዲየም ወሰዷቸው" ሲባል ስሰማ ኳስ ሊያዩ የሄዱ መስሎኝ ቀናሁ። ኩለሱም ምንም ወረቀት አልነበራትም። ሲመሽ ማማ ኬንዲ በሯ ላይ ቆማ፣ "የእኔ ቤት ማንን ትፈልጋላችሁ?" ስትል ይመለሱላታል፤ ቀን ሥራ ስትወጣ ግን የተዘጋ በር ሳይቀር ያስከፍታሉ። ሳውዝ ሲ መዋል አይቻልም፣ ኢስሊ ጭራሽ አይታሰብም። መታወቂያ የሌላት ሴት መታወቂያ የማትጠየቅበት ቦታ የሀብታሞቹ ሰፈር መሃል ነው፤ ይህን ያሰበችው ማማ ኬንዲ ናት። ዩኒፎርም የለበሰች፣ ስዋሂሊ የምታንበለብል ልጅ ከጎኗ ስትኖር ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያያትም። እኔ ግን ይህን ሁሉ የሰማሁት ካደግኩ በኋላ ነው።

ጉዱ የመጣበት ቀን ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ያለ ፋታ ይወርድ ነበር። ከቤት ልንወጣ ስንል እናቴ በፎጣ የጠቀለለችውን ከባድ ነገር ኩለሱም ቦርሳ ውስጥ ስትከት አየኋት። ከላዩ ልብስ ደረበችበት። ከዚያ እህቷን አቅፋ አልለቅም አለች።

"ሀቢብ ዛሬ ሊደውል ይችላል" አለቻት። "ከደወለ እንዳትመለሺ። ልጅቷን ለማማ ኬንዲ ስጪያት።"

ዛሬ ነው ማለት ነው፣ አልኩ በልቤ። ፎጣው ውስጥ ያለው ሽጉጥ ነው።

ወለሉ እብነ በረድ የሆነው ባንክ ገባን። አዳራሹ ከዝናብ በሸሸ ሰው ተጨናንቋል። ኩለሱም ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። እኔ ከቦርሳው ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ዘበኛው በዕድሜ የገፋ ሰው ነበር፣ ሁልጊዜ ጥርሱን ብልጭ ያደርግልኛል። እሱን ነው የምትተኩሰው? ወይስ ከመስታወቱ ጀርባ ያለችውን ሹሩባ የተሠራች ልጅ?

በሩ ተከፈተና ሁለት ፖሊሶች ጠመንጃ በትከሻቸው አንግተው ገቡ። ውሃ ይንጠባጠብባቸዋል። አንደኛው አዳራሹን ቃኘ።

የኩለሱም ፊት ልክ እንደ አመድ ሆነ። እጇ ቀስ ብሎ ቦርሳው ውስጥ ገባ። ከንፈሯ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን አስቤ አላደረግኩትም። ጭኗ ላይ ዘልዬ ወጥቼ አንገቷን አነቅኩና በስዋሂሊ ጮህኩ። "ማማ! ቱዌንዴ ኙምባኒ! ወደ ቤት እንሂድ! ሆዴን! ሆዴን!" ጩኸቱ እውነተኛ ሕመም ጠራብኝ መሰለኝ፣ የጠዋቱን ሻይና ዳቦ እብነ በረዱ ላይ አወረድኩት።

ሰው ሁሉ ዞረ። ወጣቱ ፖሊስ ወደ እኛ መጣ።

"ልጅቷ ምን ሆና ነው?" ብሎ ኩለሱምን ጠየቃት።

ኩለሱም አፏን ከፈተች። አሁን ልትናዘዝ ነው ብዬ ሞትኩ።

"እናቴ ጉሮሮዋን ታማለች፣ መናገር አትችልም" አልኩ ቶሎ ብዬ። "እኔ ደግሞ ሆዴን አሞኛል። ቤታችን ሳውዝ ሲ ነው።"

"ፖሌ፣ ፖሌ ሳና" አለ ፖሊሱ። አይዞሽ ማለቱ ነው። ከዘበኛው ጃንጥላ ተዋሰና እኔን በአንድ እጁ አነሳኝ። "እኔም እንዳንቺ ያለች ልጅ አለችኝ። ኑ፣ ማታቱ ላይ አሳፍራችኋለሁ።"

ኩለሱም ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ከጎናችን ተራመደች። ማታቱዎቹ ሁልጊዜ ከሚቆሙበት ስንደርስ አንድም የለም። መንገዱ በጎርፍ ተሞልቷል።

"በዝናቡ ምክንያት ዛሬ ወዲያ ማዶ ነው የሚጭኑት" አለ ፖሊሱ።

ወዲያ ማዶ ማለት ሞይ አቬኑን መሻገር ነው። ኩለሱም መንገዱ ዳር ቀጥ አለች። ፖሊሱ ግን ጃንጥላውን ወደ ላይ አንስቶ መኪናዎቹን አስቆመና ዞር ብሎ፣ "ነይ እንጂ ማማ!" አላት። ተሻገረች።

ማዶ፣ የማታቱ ተራው ጥግ ላይ፣ ከጎኑ ሽቦ የተወጠረበት የፖሊስ የጭነት መኪና ቆሟል። ውስጡ በሰው ጢም ብሏል። ሴቶች ልጆቻቸውን በነጠላና በጅልባብ ከዝናቡ ይከልላሉ። ወንዶቹ ሽቦውን ይዘው ቆመዋል። ከእነሱ መካከል ጋሽ አብዱልፈታን አየሁ።

ጋሽ አብዱልፈታ ኢስሊ ከአባቴ ሱቅ ፊት ለፊት ልብስ የሚሰፉ ሰው ናቸው። የለበስኩትን ዩኒፎርም የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ሰላምታቸው አያልቅም ነበር፤ እናትሽ ደህና ናት፣ አባትሽ ደህና ነው፣ አክስትሽስ፣ ትምህርትስ፣ ጥርስሽስ በቀለ እያሉ ሰውን አቁመው ያስረጃሉ። ኩለሱም ሱቁ በመጣች ቁጥር እሳቸው ጋ ሳትቀመጥ አትመለስም ነበር።

አዩኝ። ቀጥሎ ኩለሱምን አዩ፤ ዊጉን፣ ሱፉን፣ ቀዩን ከንፈር። ዓይናቸው ፈጠጠ። ደስ ብሎኝ፣ "ጋ…" ብዬ ስጀምር ኩለሱም እግሬን በጥፍሯ ጨመደደችው፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ቀረ።

ጋሽ አብዱልፈታ ጀርባቸውን ሰጡን።

መኪናው አጠገብ የቆመው ሌላ ፖሊስ ወደ እኛ መጣ። "እነዚህ እነማን ናቸው?" ብሎ የእኛን ፖሊስ ጠየቀው።

"ልጅቷ ሆዷን አሟት ነው፣ እያሳፈርኳቸው ነው!" አለ የእኛ ፖሊስ፣ ዝናቡን ለማሸነፍ እየጮኸ።

ሰውዬው ኩለሱምን ከላይ እስከ ታች አያት። ከዚያ ሽቦውን በዱላው መታ መታ አደረገ። "አንተ ሽማግሌ! አሁን ስታያት ነበር። ይቺን ሴት ታውቃታለህ?"

ጋሽ አብዱልፈታ ሳይዞሩ በስዋሂሊ መለሱ። "አላውቃትም።"

"ልጅቷንስ?"

"አላውቃትም።"

እንባዬ መጣ። በሆዴ ምክንያት አልነበረም። የዩኒፎርሜን እጅጌ ስንት ጊዜ ለክተው፣ ስንት ከረሜላ ሰጥተውኝ፣ እንዴት አላውቃትም ይላሉ? የእኛ ፖሊስ እንባዬን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም፤ ማታቱ በር ድረስ አድርሶን፣ ሰው አስነስቶ መቀመጫ አስለቀቀልን። ማታቱው ሲንቀሳቀስ እጁን አውለበለበልኝ።

ኩለሱም የረጠበውን ዊግ ከግንባሯ ላይ ገፋ አደረገች። ጆሮዋ ስር ተጠግቼ የከረመብኝን አወጣሁት።

"አክስቴ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ባንኩን አትዝረፊው።"

መጀመሪያ አልገባትም። አፍጥጣ አየችኝ። ሲገባት ሳቅ አፈናት፤ እጇ እንደ ልማዱ የሻሿን ጫፍ ፈልጎ አጣና አፏን በመዳፏ ያዘች። ሳቋ ቀስ በቀስ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት ሴትዮ መሐረብ አቀበሏት።

"እሺ" አለችኝ በመጨረሻ። "አልዘርፍም።"

"ወላሂ በይ።"

"ወላሂ።"

"ሽጉጡስ?"

ቦርሳዋን ከፍታ ፎጣውን ገለጠችልኝ። ቁርአኗ ነበር። እኔ ግን ሽጉጡን ከስር ደብቃዋለች ብዬ ስለጠረጠርኩ እስከ ሳውዝ ሲ ድረስ ቦርሳውን በእግሬ ተጭኜ ሄድኩ።

በማግስቱ ንጋት ላይ በሀቢብ መኪና፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጀርባ ተቀምጣ ወደ ሞያሌ ሄደች። እኔ ስነቃ አልነበረችም። ወንጀሏ ተነቅቶባት የሸሸች መስሎኝ ለዓመታት ቴሌቪዥኑ ላይ ስለ ዝርፊያ ሲወራ ጣቢያውን እቀይር ነበር፤ የእሷን ፊት እንዳላይ። ጋሽ አብዱልፈታ ደግሞ ወደ ኢስሊ አልተመለሱም። ሱቃቸውን ሌላ ሰው ያዘው። እኔ አልጠየቅኩም። አኩርፌያቸው ነበር።

እናቴ እውነቱን የነገረችኝ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ፣ የራሴን ወረቀት ለማውጣት አብረን ሰልፍ ላይ ቆመን ነው። ስለ ባንክ ዘራፊዋ አክስቴ ስነግራት እናቴ ሰልፉ መሃል ተቀምጣ ሳቀች። ስለ ጋሽ አብዱልፈታ ስነግራት ግን ሳቋ ቆመ።

"ስለ እሳቸው የምትጠይቂው ኩለሱምን ነው" አለችኝ። "ለእኔ ስትነግረኝ ሁልጊዜ ድምጿ ይጠፋል።"

ያለፈው ዓመት እረፍቴን ኮምቦልቻ ኩለሱም ጋ አሳለፍኩ። አግብታ ሁለት ልጆች ወልዳለች። ከሰዓት በኋላ በረንዳዋ ላይ ተቀምጠን ጠየቅኳት።

"ከዚያ መኪና ስታዲየም ወሰዷቸው" አለችኝ። "ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ላኳቸው። ያን የሰማሁት እኔ አገሬ ከገባሁ በኋላ ነው። መርካቶ ያሉትን ሰፊዎች ሁሉ ጠየቅኩ፣ ከናይሮቢ የመጣ አብዱልፈታ የሚባል ታውቃላችሁ እያልኩ። አንዱ ሐይቅ ከተማ ነው አለኝ። ሄድኩ።"

"አገኘሻቸው?"

"መንገድ ዳር የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀምጠው ሱሪ ያሳጥራሉ። ሸብተዋል። 'አሰላሙ አለይኩም ጋሼ' አልኳቸው። መለሱልኝና ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። 'ያን ቀን ሰላም ሳልልዎት አለፍኩ፤ ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነው የመጣሁት' አልኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"'የትኛው ቀን?' አሉኝ። 'ናይሮቢ፣ እዚያ መኪና ላይ ሆነው ያዩኝ ቀን' አልኳቸው። 'ኧረ እኔ ያን ቀን ማንንም አላየሁም። ዝናብ ነበር' አሉ።"

ኩለሱም ወደ ግቢው ተመለከተች። ከታች ልጆቿ በጎማ ይጫወታሉ።

"እውነትም አላዩኝ ይሆን ብዬ ግራ ገባኝ" አለች። "ከዚያ በርጩማ ሰጡኝ። እንደ ድሮው ሰላምታውን ጀመሩት። ለይላ ደህና ናት፣ ኑሬ ደህና ነው፣ ሱቁስ፣ መንገዱስ እንዴት ነበር። ሁሉንም ጠየቁኝ። ልነሳ ስል፣ መርፌው ላይ ክር እየሰኩ፣ ቀና ሳይሉ፣ 'የልጅቷስ ሆድ?' አሉኝ። 'ተሻላት?'"

"አንቺስ?"

"'ተሽሏታል' አልኳቸው።"